የማርያም ጠላ በጴንጤው ማሳ

ወንድሜ ጴንጤ መሆኑን መጀመሪያ የነገረችኝ ልኬት ልታስወስድ የመጣች ሴትዮ ነች። መካነ ሰላም ገበያ ዳር የልብስ ስፌት መኪና ይዤ እቀመጣለሁ፤ ከስፌት መኪና አጠገብ የማይወራ ነገር የለም። እጆቿን ዘርግታ እየለካኋት፣ «አንች፣ ወንድምሽን በበርሜል ውሃ ነከሩት አሉ» አለችኝ። ስታወራው ፊቷ በርቷል። ቀሚሷን ወገቡ ላይ ከልኩ አጥብቄ ሰፋሁላት።

እውነቱን ለመናገር እኔም አልወደድኩለትም። እኔ የማርያም ነኝ፤ ጾሜን እጾማለሁ፣ ጽዋዬን እጠጣለሁ። ወንድሜ ደግሞ ጌታን አገኘሁ ካለ ወዲህ (ድሮ የት ጠፍቶበት እንደነበር እንጃ) ያለ «ተባረኪ» አንድ ወሬ መጨረስ አቃተው። በጾም ለልጆቹ እንቁላል ቀቅሎ፣ ቅርፊቱን ደጃፉ ላይ በትኖት አየሁ። «ቢያንስ ቅርፊቱን ቅበረው፣ ሰው ያያል» አልኩት። «የዳንነው በጸጋ ነው እንጂ በሕግ አይደለም» አለኝ። ጸጋ ቅርፊት መቅበር እንደሚከለክል ያን ቀን አወቅሁ።

ግን አረቄውን ተወ። ሚስቱ ፊቷን በነጠላ መሸፈን ተወች። ሰክሮ ቦይ ውስጥ ሲያድር ነፍሱ ያላሳሰበችው ጎረቤት ሁሉ፣ አሁን ስለ ነፍሱ እንቅልፍ አጣ። ይህን ሳይ ከማን ጋር እንደምቆም ለመምረጥ ጊዜ አልፈጀብኝም። አብሬው አልዘምርም፤ ነገር ግን ቤቱ እገባለሁ፣ ከማዕዱ እበላለሁ፣ ጾም ከሆነም ሚስቱ ሽሮ ትሠራልኛለች።

በእኛ አገር የደረሰ ጤፍ በአንድ ቤት ጉልበት አይነሳም። ጅጌ ይጠራል፤ ጎረቤቱ ማጭዱን ይዞ ይመጣል፣ በአንድ ቀን ታጭዶ ይከመራል። ጠሪው ያበላል ያጠጣል፣ በተራው ደግሞ የሌላውን ሊያጭድ ይሄዳል። ከዚህ የወጣ ሰው ገበሬ ሆኖ አይኖርም። ያን ዓመት በኅዳር ሰማዩ ዓመሉን ሳተ፤ ከቀትር በኋላ ደመና እየከበደ መጣ። የደረሰ ጤፍ ዝናብ ከመታው ይተኛል፣ የቀረውም ይረግፋል። ወንድሜ ጅጌ ጠራ። በማግስቱ ማሳው ዳር የቆሙት እሱና ሚስቱ ብቻ ነበሩ።

የአባታችን ጓደኛ ወደነበሩት ሽማግሌ ሄድኩ። ጅጌውን የሚመሩት እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው ያልወጡበት ማሳ ማንም አይወጣበትም። ከጎረቤት ሰዎች ጋር ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ አገኘኋቸው። ሰማዩ እንዲያ እያጉረመረመ እነሱ ፀሐይ ይሞቃሉ።

«ጋሼ፣ ምን ሆናችሁ ነው የቀራችሁ?»

«በሚካኤል ቀን ያርሳል! ይኸን ደመና ያመጣብን እሱ ነው» አሉኝ።

«ታዲያ ደመናው በሁላችሁ ላይ ምን አንዣበበው? ሚካኤል የእሱን ማሳ ያጣዋል?»

ከጎናቸው የተቀመጠው ሰውዬ ጣልቃ ገባ። «ደግሞስ ጠላ አያቀርብም። ሰውን ወላሂ በውሃ ሊያሳጭድ!»

እዚህ ላይ ሳቄ መጣ። ባለፈው ሳምንት ሁሉም የሙስሊሙን ጎረቤታቸውን ጅጌ ወጥተው፣ ከገብስ የሚሠራውን የማያሰክር ቄሪቦ ሲጠጡ ውለው በምርቃት ነው የተመለሱት። ይህንኑ አስታወስኩት።

«እሱማ ሃይማኖቱ ነው» አለኝ።

«የወንድሜስ?»

«የወንድምሽ ዓመል ነው።»

እንዲህ ያለ ሊቅ ወረዳው ውስጥ እያለ ደጅ ለደጅ ፀሐይ መሞቁ ያሳዝናል። ልነሳ ስል ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የክርስትና አባቱ እኔ ነኝ። ያኔ ከውሃው አቅፌ ተቀበልኩት» አሉኝ። «አሁን ሂዶ ድጋሚ ተነከረ። የያኔው ምን ነበር? የእግር እጣቢ ነበር?» ከዚያ ደጃፍ ካሉት ሁሉ ያልናቅሁት እሳቸውን ነው፤ እሳቸውንም ለዚችው ቃል ብቻ።

ወደ ወንድሜ ቸርች ሰባኪ ሄድኩ። ከመናኸሪያው ጀርባ ባለ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ ጫማው ጭቃ ነክቶት የማያውቅ ወጣት ነው፤ በሹክሹክታ ቢያወራም ለሚሰሙት ጥቂት ሰዎች በማይክ ይጮኻል። ለወንድሜ አጫጆች ስጠኝ አልኩት።

«እህቴ፣ ደመናውን በጌታ ስም እንገሥጸዋለን» አለኝ።

«መገሠጹን ገሥጹት። ማጭድ ያለው ሰው የለም?»

ምእመናኑን አየሁ፤ ፀጉር ሠሪ፣ ሞባይል ጠጋኝ፣ የባጃጅ ሹፌር። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው። የባጃጁ ሹፌር ብቻ በማግስቱ መጣ፤ ከጤፉ በፊት ጣቱን አጨደ።

የዚያኑ ሰሞን ለኅዳር ጽዮን የማርያም ጽዋ ተራው የእኔ ነበር። ጠላዬ ተጠምቆ፣ በርሜሉ ሞልቶ ቀኑን ይጠብቃል። ከማኅበርተኞቹ አንዷ ደወለችልኝና፣ አንገቷን በስልክ ውስጥ ስታቀረቅር እየታየኝ፣ «ዘንድሮ ጽዋው እኔ ቤት ይሁን ተብሏል… አንች እዚያ ቤት ትበያለሽ ስለሚሉ…» አለችኝ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን! ወንድሜን ያልደፈረ ሁሉ ቂሙን በእኔ በርሜል ተወጣ። ስልኩን ዘግቼ ጠላዬን ቁጭ ብዬ አየሁት። ግሩም ጠላ ነበር፤ ተናድጄም ቢሆን ይህን አልክድም።

ሐሳቡ የመጣልኝ ያኔ ነው። ከአባታችን የደረሰኝ ጠባብ መሬት ከወንድሜ ማሳ ጎን ነው፤ ምርቱን እኩል እየተካፈልን የሚያርስልኝም እሱ ነው። መሃላችን ያለው አንድ የድንጋይ ረድፍ ብቻ ነው። ጅጌውን በራሴ ስም ጠራሁ። ጠላውን በጀሪካን ቀድቼ በአህያ አስጫንኩት። ወንድሜ ከሩቅ አይቶ ሮጦ መጣ።

«እኔ ማሳ ላይ ጠላ አይገባም!»

«አንተ ማሳ ላይ ማን አስገባው? እኔ የራሴ ማሳ ላይ ነው የማስቀምጠው።»

«ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም።»

«ኅሊናህ እንጀራ አይበላም። ልጆችህ ግን ይበላሉ።»

ማጭዱን ሊስል ሄደ። ጴንጤ ከሆነ ወዲህ ሳይሰብከኝ ሲሄድ ያየሁት ያኔ ነው።

መጡ። ሁሉም መጡ። ያ ፀሐይ ሲሞቅ የነበረው ሊቅ ሳይቀር ማጭዱን ይዞ መጣ። ሽማግሌው ከፊት ነበሩ። የእኔን ቁራጭ በአፍታ ጨረሱት፤ ከዚያ ማንም ምንም ሳይናገር፣ ማንም የማንንም ፊት ሳያይ፣ ማጭዶቹ ድንጋዩን ተሻገሩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ሲጠማቸው ወደ እኔ ድንበር ይመለሳሉ፣ ጣሳቸውን ጨልጠው አፋቸውን ጠርገው ወደ ወንድሜ ጤፍ ይገባሉ። በማርያም ላይ ዐመፀ ያሉት ሰው ማሳ ውስጥ የማርያምን ጠላ ሲያንቆረቁሩ ዋሉ። ዳቦውን የጋገረችው የወንድሜ ሚስት ነች። እኔ የጋገርኩት መስሏቸው እጄን መረቁኝ፤ አሜን ብዬ ምርቃቱን ለእሷ አሳለፍኩላት።

ጤፉ ተከምሮ ሸራ ከለበሰ በኋላ ዝናቡ ወረደ። ወንድሜ እጆቹን ወደ ሰማይ ዘርግቶ፣ «ጌታ ሆይ፣ ሰው ስለላክልኝ ተመስገን!» አለ።

«እኔ ያየሁት ጠላው ሲልካቸው ነው» አልኩት።

«ተባረኪ» አለኝ። ምን ይደረጋል።

ከዚያ በኋላ ግን የሰማሁት ወሬ አንጀቴን አቃጠለው። በገበያው ሁሉ «የእሷን አጨድንላት» ይላሉ። የማን ጤፍ እንደገባ አንድም የሚናገር የለም። የወንድሜ ሚስት ለልጆቿ ጨርቅ ልታሰፋ መጥታ፣ «ጤፋችን ገባ። እኛ ግን አሁንም ውጭ ነን» አለችኝ። ልክ ነበረች። በሰው ስም ያጨደ ገበሬ የከርሞውን በማን ስም ይጠራል? እኔ ብታመምስ? ብሞትስ? ለልጆቹም በአክስታቸው ስም ሊጠራላቸው ነው?

ብዙም ሳይቆይ ሽማግሌው የራሳቸውን ጅጌ ጠሩ። እኔም ባለዕዳ ነኝና የተረፈውን ጠላ ይዤ በጠዋት ደረስኩ። አጫጆቹ ተሰልፈዋል፤ ሙስሊሞቹ ጎረቤቶችም አሉ። ወንድሜ ሳይጠሩት ማጭዱን ይዞ ከታች መጣ። ያ ጠላ የናፈቀው ሰውዬ ነበር ቀድሞ የተናገረው።

«አንተ ደግሞ የማንን ብድር ልትመልስ መጣህ?»

ወንድሜ መሬት መሬት እያየ፣ «የእህቴን» አለ።

ተናደድኩበት። የገዛ ጤፉን ለእኔ ሰጥቶ፣ እነሱ የዋሹትን እሱም ደገመላቸው። አፌን ልከፍት ስል ሽማግሌው ቀና አሉ።

«እህትህ የምን ብድር አላት? የእሷን ቁራጭማ ሙቀት ሳይመጣ ጨርሰነዋል» አሉት። «ቀኑን ሙሉ ያጨድኩት የአንተን ጤፍ ነው። ዓይኔ አልታወረም። ያንተን ብድር መልስና ሂድ። ግባ!»

ያ ሰውዬ ሳይወድ ወደ ጎን ጠጋ አለለት። ወንድሜ ገባ። ጎንበስ እንዳለ ፊቱን ማየት አልቻልኩም፤ እስከ ዕረፍት ቀና ሳይል አጨደ። «ኋላህን እያየህ እጨድ፣ ግማሹን እያስቀረኸው ነው!» ብለው ሽማግሌው ሲቆጡት ሰማሁ። የገዛ ልጃቸውንም የሚቆጡት እንዲያው ነው።

በዕረፍት ሰዓት ጠላው ዞረ፤ ወንድሜ ራቅ ብሎ ተቀመጠ። የሽማግሌው ሚስት ለሙስሊሞቹ ያዘጋጁትን የቄሪቦ ማሰሮ ይዘው ወጡ። ያን ሁሉ ክርክር፣ ያን ሁሉ የሃይማኖትና የዓመል ትንታኔ አንድ ማሰሮ ቄሪቦ ሊጨርሰው ይችል ነበር፤ ማሰሮውም እዚያው ነበር። ግን አንድም ሰው አላሰበውም። ሴትየዋ ለሙስሊሞቹ ቀድተው ጨረሱና ወንድሜ ጋ ሲደርሱ ቆም ብለው ባላቸውን አዩ።

«ምን ታይኛለሽ? ለክርስትና ልጄም ቅጅለት» አሉ።

እንባዬ መጣ። እነዚህ ሰዎች እንዳያዩኝ ብዬ የጀሪካኔን ክዳን ማጥበቅ ጀመርኩ። ወንድሜ ተነስቶ ጣሳውን በሁለት እጁ ተቀበለ። «ተባረኩ» ሊል ከንፈሩ ሲላወስ አየሁት፤ ከዚያ ተወውና፣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ» አላቸው።