ጀርባዋን የሰጠችው ዛጎል

ወደ እስራኤል ልንሄድ ያደርንባት ማታ መብራት ጠፍቶ ነበር። ጎንደር ውስጥ መብራት መጥፋቱ ወሬ አይሆንም፤ እኔ የማነሳው በዚያ ጨለማ ለሠራኋት ስህተት ስል ነው። እናቴ በስልኬ ብርሃን አንቀልባ ትሰፋለች። ሻንጣው ታስሯል፣ ባሌ ደሴ ወረቀቶቹን እያገላበጠ ደግሞ ያያቸዋል፣ እሷ ግን የፍየል ቆዳ ጭኗ ላይ ዘርግታ ዛጎል ትደረድራለች። ልጅ አልነበረኝም። ካገባሁ ስድስት ዓመት ሆኖኝ፣ አንድም ቀን አርግዤ አላውቅም።

ቆዳውን ከአይከል ገበያ ያመጣላት ጎረቤታችን አያ ፈንቴ ሊሰናበተን መጥቶ ደጃፉ ላይ ቆሞ አያትና፣ «ምነው ተዋቡ፣ ላልተወለደ ልጅ አንቀልባ ይሰፋል?» አላት። እሷም ቀና ሳትል፣ አንቀልባው ቆይቶ ልጁን ይጠራዋል ብላ መለሰችለት። አያ ፈንቴም ራሱን ነቀነቀና እኔን መርቆኝ ሄደ።

የመጨረሻዋን ዛጎል እኔ እንድሰፋት ሰጠችኝ። ነጩ ክር አልቆ ነበርና በሰማያዊ ክር ሰፋኋት፤ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበርና ገልብጬ ሰፋኋት። ሌሎቹ ሁሉ ጥርሳቸውን ወደ ውጭ አድርገው ሲስቁ የኔዋ ብቻ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች። ልፈታት ስል እናቴ እጄን ያዘችኝ። ሰው ሊሄድ ሲል የተሰፋ ነገር አይፈታም አለች።

«ተያት የሺዬ። ምልክት ትሁነን።»

ልውሰደው ብዬ ለመንኳት። አልሆነም። ልጅ ያልታዘለበት አንቀልባ ባዶውን ከደጅ ከወጣ ልጁ መንገድ ይቀራል ባይ ናት፤ የሷም እናት እንዲሁ ትል ነበር። ራሴ ይዤው እመጣለሁ፣ ልጅሽን በሱ ሳላዝል አልሞትም አለችና ከአልጋዋ ራስጌ፣ ግድግዳው ላይ ሰቀለችው። እኛ ቤተ እስራኤል ነን፤ አያቶቼ ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲያ ባለ መንደር ሸክላ ሠሪና ብረት ሠሪ ነበሩ። ወደ እስራኤል የሄድነው የባሌ ቤተሰብ ወረቀት ደርሶ ነው። የእናቴ ገና እየታየ ነው ተባለ። እነሆ ሦስት ዓመት፣ አሁንም እየታየ ነው።

ስለ አገሩ ትጠይቁኛላችሁ። ጎንደር ሐምሌ ሲገባ ጋቢ ላይ ጋቢ ይደረባል፤ እዚህ ሐምሌ ሲገባ ሰው የገዛ ቆዳውን ማውለቅ ያምረዋል። ሑሙስ የሚሉት የሽምብራ ምግብ አላቸው፣ እሳት ያላየ ሽሮ በሉት። ለመድኩት፣ እንዲያውም እወደዋለሁ፣ ግን በበላሁት ቁጥር ድስቱ ሳይጣድ የቀረ ይመስለኛል። ሰው ሰላምታ ሲሰጥ አንዴ ብቻ ነው፤ እናትሽ ደህና፣ ከብቱ ደህና፣ ዝናቡ እንዴት ነው የሚል የለም። መጀመሪያ ሰሞን ሰው ሁሉ የተቆጣኝ ይመስለኝ ነበር።

ቤት ያከራየን ሽማግሌ ስንት ናችሁ ብሎ ጠየቀን። ሁለት ነን አልነው። ሐበሻ ሲገባ ሁለት ነው፣ በኋላስ አለ። እናቴ ብቻ ናት የምትመጣው አልኩት በዚያች በተማርኳት ትንሽ ዕብራይስጥ። ትክ ብሎ አየኝና፣ «እናት አንድ ሰው አይደለችም» አለኝ። ተናድጄ ወጣሁ፤ ደረጃው ላይ ስደርስ ግን ልክ መሆኑ ገባኝ።

የእናቴን ወረቀት የያዘው ቢሮ ያለችው ጸሐፊ ደግሞ የባሰች ናት። የእናትሽ የልደት ቀን አለችኝ። ጤፍ ሲታጨድ ነው የተወለደችው አልኳት። ኮምፒውተሩ ጤፍ አይቀበልም አለች። እንግዲያው እሱ የሚቀበለውን ጻፊለት አልኳትና እናቴን በፈረንጅ አዲስ ዓመት ወለደቻት። እኔንም፣ ደሴንም፣ አማቴንም በዚያው ቀን ነው የወለደችን። ስንወጣ ሁሌ የምትለው አንድ ቃል አላት፣ ሳቭላኑት ትላለች፣ ትዕግሥት ማለት ነው። ይቺን ቃል ከዳቧቸው ቀድሜ ነው የለመድኳት።

ደስታዬን ልንገራችሁ፤ ደስታም ነበረኝና። ሥራዬ አንዲት የሞሮኮ አሮጊት መንከባከብ ነው፣ ወይዘሮ ሉና ትባላለች። ዓርብ ዓርብ ክንዴን ይዛ ያፎ ከተማ ወዳለው የአሮጌ ዕቃ ገበያ ትወስደኛለች። ስሙ ሲተረጎም የቁንጫ ገበያ ነው። እኛ አገር ሰልባጅ ለብሶ አዲስ ነው ብሎ መማል ያለ ነው፤ እዚህ ግን አሮጌውን አሮጌ ነው ብለው ይኮሩበታል። መጀመሪያ አፈርኩላት፣ ከዚያ ሱሱ ያዘኝ። አክስቴ ጠላ የምትቀዳበትን የመሰለ አበባ ያለው ጣሳ አገኘሁ። ከንፈሩ የተላጠው እንኳን በዚያው በኩል ነው። የቀንድ ቁልፎች፣ የጣልያን ጊዜ የብረት ሳጥን፣ የሰው ስም የተጠለፈበት የሕፃን ቆብ። እነዚያን ነገሮች ስነካ ሰዎቹ ወዴት ሄዱ እላለሁ። ወይዘሮ ሉና ይህን አትጠይቂ፣ ጣሳውን ብቻ ተመልከች ትለኛለች።

ወደ ቤቴ የምሄድበት ሰፈር ግድግዳው ሁሉ ተስሏል። እኛ ዘንድ ሥዕል የሞላው ግድግዳ ያየሁት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው፤ እኛ ባንሳለምም በልጅነቴ ከክርስቲያን ጓደኞቼ ጋር ገብቼ አይቻለሁ፣ የትም ብትቆሙ የሚከተሉ ትልልቅ ዓይኖች ናቸው። እዚህ አንድ የሱቅ መዝጊያ ቆርቆሮ ላይ ልጅ ያዘለች ሴት ተስላለች፣ ዓይኖቿ እንደዚያው ናቸው። ጠዋት ባለሱቁ ሲከፍት ከነልጇ ተጠቅልላ ወደ ላይ ትገባለች፣ ማታ ሲዘጋ ትመለሳለች። ባለፍኩ ቁጥር እንደምን አመሸሽ እላት ነበር።

እንግዲህ በዚህ ዓመት አረገዝኩ። ደሴ ያን ቀን የሚያደርገው ጠፍቶት ወለሉን ሁለት ጊዜ አጠበ። እኔ ግን ለእናቴ አልነገርኳትም። ሆድ ሳይገፋ አይወራም፣ ወሬው ዓይን ይስባል፤ እሷው ናት ያሳደገችኝ በዚህ። በየሳምንቱ ስደውል፣ ምን አዲስ ነገር አለ ትለኛለች፣ ምንም እላታለሁ። እግዜር ያውቃል ትላለች። ድምፅዋ በየሳምንቱ እየቀጠነ መሄዱን እሰማ ነበር፤ መስመሩ ነው እያልኩ አለፍኩት።

ወይዘሮ ሉና ሆዴን አይታ ማንም ሳይነግራት አወቀች። ቢጫ ትንንሽ ጫማ በእጇ ሠርታ አሳየችኝና መልሳ መሳቢያዋ ውስጥ ቆለፈችባት፤ በነሱም ዘንድ ልጁ ሳይወለድ አይሰጥም። አውራ ጣቴን የምታህል ጫማ ናት። እናቴ ያን ጊዜ በጣም ናፈቀችኝ።

ሰባተኛውን ወር ስጨርስ ነገርኳት። እልል አለች፣ ደጋግማ እልል አለች። ከዚያ፣ አንቀልባሽ እንደተሰቀለ ነው፣ አታስቢ አለችኝ። እኔ ስለ አንቀልባው ገና አልጠየቅኋትም ነበር።

በሳምንቱ ዓርብ ያፎ ሄድን። ከአንድ ሱቅ ደጃፍ፣ በአሮጌ መስተዋትና በፋኖስ መካከል አንድ አንቀልባ ተሰቅሏል። ከሩቅ ሳየው ደስ አለኝ፣ ወይዘሮ ሉናን እየጎተትኩ ሄድኩ፣ ይኸውልሽ የኛ የልጅ ስጦታ ላሳይሽ እያልኩ። ባለሱቁ አወረደልኝ። መቶ ዓመት ያለፈው ነው አለ፣ ከጎንደር የመጣ። ዛጎሎቹን በጣቱ እየተከተለ ታች ጥጉ ላይ ደረሰና አንዷን መታ መታ አደረጋት። ጀርባዋን ሰጥታለች። ክሯ ሰማያዊ ነው።

«ይቺን ተመልከች» አለኝ፣ «ሆን ብለው ነው የሚገለብጧት፣ ክፉ ዓይን ለመከላከል።»

«ሆን ተብሎ አይደለም» አልኩት።

«አንቺ በምን ታውቂያለሽ?»

አንቀልባውን ከእጁ ተቀበልኩት። መቼ እንደመጣ ጠየቅሁት። ጎንደር እየሄደ ዕቃ የሚገዛለት ሰው ከፋሲካ በፊት ነው ያመጣለት። ከፋሲካ በፊት እኔ የሦስት ወር እርጉዝ ነበርኩ፣ በየሳምንቱም ምንም አዲስ ነገር የለም እላት ነበር። ወይዘሮ ሉና ፊቴን አይታ ወንበር አስመጣች።

ገዝቼው ወደ ቤት ስመለስ ሥዕሉ ያለበት ሱቅ ገና ክፍት ስለነበር የቆርቆሮዋ ሴት አልነበረችም። ባለመኖሯ ደስ አለኝ፣ እንደምን አመሸሽ የምልበት አፍ አልነበረኝም። እናቴ ቸግሯት ሸጠችው ይሆን፣ ወይስ የመምጣቱንም የልጁንም ተስፋ ቆርጣ? አላውቅም። ሁለቱንም መጠየቅ አልችልም፣ መጠየቅ ማሳፈር ነው። ነግሬያት ቢሆን ግን ከግድግዳው አታወርደውም ነበር። ይህን ደግሞ አውቃለሁ። ባዶውን ስንት አገር አቋርጦ መጣ እያልኩ ሆዴን እዳብሳለሁ፤ ሌሊት ልጁ መንቀሳቀሱን ሲያቆም መብራት አበራለሁ። ደሴ እንዲህ ያለ ነገር አታስቢ ይለኛል። እሱም ግን አንቀልባውን በእጁ አይነካውም።

ቅዳሜ ማታ ደወልኩላት። አንቀልባው ጭኔ ላይ ነበር፤ ቆዳው ሱቁ ደጃፍ ፀሐይ ሲመታው ከርሞ ደርቋል፣ የወይራ ዘይት እቀባዋለሁ። ጤናዬን ጠየቀችኝ፣ የልጁን መራገጥ ጠየቀችኝ፣ በግራ ነው በቀኝ አለች። ቢሮው ምንም አለማለቱን ነገርኳት። ግድ የለም፣ አይቀርም አለች።

«አንቀልባውን ትናንት ቅቤ ቀባሁት» አለችኝ ቀጥላ። «እንዳይደርቅ ብዬ።»

«የኔዋ ዛጎል አለች?»

«ምን ትሆናለች። እጄን እሷ ላይ አድርጌ ነው የማወራሽ።»

አውራ ጣቴ ሰማያዊው ክር ላይ ነበር። ልጁ ተገላበጠ፣ በቀኝ በኩል።

«ሸጋ ነው እምዬ» አልኳት፣ «ስትመጭ ይዘሽልኝ ነይ።»