የአክስቴ አራት ክፍሎችና አሥራ ሰባቱ ሥራዎች

ጎንደር ፒያሳ፣ ከአንድ የልብስ ስፌት ቤት በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ለሰው ድረ ገጽ እሠራለሁ። ደንበኞቼ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ አንድ የጥርስ ክሊኒክ፣ አንድ የሠርግ ዕቃ አከራይ፣ ወለቃ መንገድ ላይ ሸክላ የሚሸጡ ሴቶች፣ በመጨረሻም ከሁሉም የበለጠ የምትጨቀጭቀኝና ከሁሉም የበለጠ የምወዳት አክስቴ። አክስቴ ኮሶዬ ላይ፣ ከደባርቅ መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ምግብ ቤትና አራት የማደሪያ ክፍሎች አሏት። ድረ ገጿን በስጦታ ነው የሠራሁላት፤ ስለ ስጦታዬም ያልነገርኩት ሰው የለም። አንድ ነገር ብቻ ጎድሎት ነበር። ማንም አግኝቶት አያውቅም።

ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ ደወለችልኝ። የአክስቴ ሰላምታ ረጅም ነው፤ ከእኔ ጤንነት ተነስታ የጎረቤቶቼን ሁሉ ጠይቃ ነው ወደ ጉዳይዋ የምትገባው። ያን ዕለት ግን ሰላምታውን አሳጠረችው።

«አያ መጥቶ ነበር» አለችኝ። አያ የምትለው ታላቅ ወንድሟን፣ አጎቴን ነው። ቤቱ የሁለቱ የጋራ ውርስ ነው። «ክፍሎቹ ጥምቀትንም እንዲህ ባዶ ከዋሉ ለአንድ ድንች ነጋዴ በመጋዘንነት አከራያቸዋለሁ ብሏል። ምን ልለው ልጄ? ባዶ መሆናቸውማ እውነት ነው።»

አክስቴ የዕድሜዋን ግማሽ በሰው ወጥ ቤት ነው ያሳለፈችው። ከተማ ውስጥ በየሆቴሉ ስታበስል ኖራ፣ በመጨረሻ የራሷን በር የከፈተችው ኮሶዬ ላይ ነው። እነዚያን አራት ክፍሎች ግድግዳቸውን ስታስመርግ፣ አልጋቸውን ስታስጭን አይቻለሁ። በእነሱ ውስጥ ድንች ተከምሮ ታየኝና ሆዴ ባባ። ቀጥሎ ደግሞ፣ ጠባዬ ነውና፣ እልህ ያዘኝ።

«እቴቴ፣ ጥምቀት ሲደርስ ክፍሎችሽን ጢም አድርጌ ባልሞላልሽ ከምላሴ ፀጉር ይነቀል!» ብዬ ዘጋሁት። ከዘጋሁት በኋላ ነው እንዴት እንደምሞላው ምንም እንደማላውቅ ትዝ ያለኝ።

በጥምቀት ሰሞን ጎንደር ከተማ ውስጥ አልጋ ማግኘት ጭንቅ ነው። ያጣ ሰው ኮሶዬ አድሮ ጠዋት በሚኒባስ ቢወርድ አንድ ሰዓት አይፈጅበትም። ችግሩ ይህን የሚነግረው የለም። ስልኩን አውጥቶ አልጋ ሲፈልግ የአክስቴ ገጽ የትም አይታይም። እንግዲህ ትልቅ ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጠፍኩና መስተካከል ያለበትን ሁሉ ዘረዘርኩ፤ አሥራ ሰባት ሆነ። ፎቶዎቹ ከባድ ስለሆኑ ገጹ እስኪከፈት ሰው ይሰለቻል። ርዕሱ «እንኳን ደህና መጡ» ብቻ እንጂ ኮሶዬ የሚል ቃል እንኳ የለውም። ስልክ ቁጥሩ ከሁሉም ነገር በታች ተቀብሯል። ሌላም ሌላም። ሁሉን ለመሥራት ጊዜ የለም፤ የቱ ይቅደም?

በማግስቱ ሚኒባስ ይዤ ወደ ኮሶዬ ወጣሁና አክስቴን ማማከር ጀመርኩ። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር።

«ምሳ ሰዓት ላይ አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ቢወርድብሽ መጀመሪያ የምታስተናግጂው ማንን ነው?» አልኳት።

«በር ላይ የቆመውን ነዋ!»

«ገና መንገድ ላይ ያለውንስ?»

«ያልመጣውን ምን አደርገዋለሁ? በር ላይ የቆመውን ቀና ብዬ ካላየሁት ግን ዞሮ ይሄዳል።»

እንደ አዋቂ ራሴን ነቀነቅሁ፤ በማስታወሻዬም ጻፍኩት። ከዚያ ወደ ከተማ ተመለስኩና ፍጹም ተቃራኒውን ሠራሁ።

በር ላይ የቆመው ማለት ገጹን አግኝቶ ሳይደውል የሚመለሰው ሰው ነው። እሱን መመርመር አሰልቺ ነው። ገና ያልመጣውን መጥራት ግን ደስ ይላል! ፎቶዎቹን አቀለልኩ። ርዕሱን ቀየርኩ። ጭላዳ ዝንጀሮ ከየትኛው ገደል አፋፍ እንደሚታይ፣ በደባርቅ መንገድ ምሳ የት እንደሚበላ፣ ለጥምቀት የመጣ ሰው ከከተማ ውጭ የት ማደር እንደሚችል ጻፍኩ። ጠዋት ጠዋት «ኮሶዬ ማደሪያ» ብዬ ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ የአክስቴ ስም ከጠፋበት ብቅ አለ፤ መጀመሪያ ከውጤቶቹ ሦስተኛው ገጽ ላይ፣ ከዚያ ሁለተኛው ላይ። አንድ ረቡዕ ጠዋት ሻዬን ሳልጨርስ ከፈትኩት፤ የመጀመሪያው ገጽ፣ ሦስተኛው መስመር!

ጮቤ ረገጥኩ። ቃሉን እንዲያው ለማለት አይደለም፤ የምር ወለሉን ረገጥኩት። ከታች ልብስ ሰፊው በሜትር እንጨቱ ጣሪያውን ደበደበው። እየሮጥኩ ወርጄ ስልኬን አፍንጫው ሥር ደገንኩለት። መነጽሩን አስተካክሎ አየና «ሸጋ ነው። ግን ስለ ኮሶዬ እኔን ምነው ታንቀጠቅጪኛለሽ?» አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ለአክስቴ ደወልኩ። «ስንት ሰው ደወለ?»

«አንቺ» አለችኝ።

ሳምንት አለፈ። ገጹ ወደ ሁለተኛው መስመር ወጣ፤ ሰዎች ስሙን በውጤቱ ላይ እያዩት እንደሆነ የጎብኚ ቆጣሪው ይነግረኛል። ግን ከሚያዩት ውስጥ የሚከፍቱት ጥቂት፣ ከሚከፍቱት ውስጥ የሚደውል ደግሞ አንድም የለም። በዚያው ሳምንት አጎቴ መጥቶ ክፍሎቹን በእርምጃው ለክቶ ሄደ። አክስቴ ስትነግረኝ ድምጿ ቀዝቅዞ ነበር። «ድንቹ እንዳይበሰብስ መስኮቱ ይስፋ ይሆን እያለ ነው» አለች። ፈራሁ። ያ ሁሉ ጭፈራዬ አሳፈረኝ።

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ነርስ ጓደኛዬ ከሥራ ስትወጣ ልትጠይቀኝ ጎራ አለች። ከፊቴ አስቀመጥኳትና «ለጥምቀት ዘመድ መጥቶብሽ አልጋ አጣሽ እንበል። እኔን እርሺኝና ፈልጊ» አልኳት። ጻፈች። ውጤቱ ወጣ። ጣቷ ወደ አክስቴ ስም ሄደ፤ ቆመ፤ ከዚያ አልፎ ወደ ታች ወረደ።

«ምነው ዘለልሻት?» ብዬ ጮህኩ።

«ምንም የላቸውም እኮ!» አለች።

«ማን ነው ያለው?»

«ራሳቸው ናቸዋ! ይኸው» ብላ ከስሙ ሥር ያለችውን ደቃቃ ጽሑፍ እየሳቀች አነበበችልኝ። «ቤታችን የረባች አይደለችም። የሚቀርብላችሁ ደህና ነገር እንኳን የለንም። ብርድም አለ። ያለችውን እንቀምሳለን፤ ካጎደልን ይቅር በሉን።»

አፌን ያዝኩ። ድረ ገጹን ስሠራ ለአክስቴ «ለእንግዶችሽ የምትይውን ንገሪኝ» ብያት፣ እሷም ቀጥ ብላ ቆማ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ያለችኝን ነው ቃል በቃል የጻፍኩት። እኛ አገር ደህና ባለቤት ማዕዱ ተትረፍርፎ ከመሶቡ እየፈሰሰ «ምንም የለም እንጂ» ነው የሚለው። እንግዳውም የሰማውን ትቶ ፊቱ ያለውን አይቶ ይበላል። እኔም ሲጻፍ ውብ መስሎኝ ከገጹ አናት አስቀመጥኩት። የኢንተርኔት መፈለጊያው ደግሞ ይሉኝታ አያውቅም፤ ያችኑ የመጀመሪያ ቃል አንስቶ ለአገሩ ሁሉ አሳየልኝ። ስንት ቀን ሙሉ እየሮጥኩ ሰው እጠራለሁ፣ አክስቴ በር ላይ ቆማ «ምንም የለንም» እያለች ትመልሳለች። ጓደኛዬና እኔ በሳቅ ፈረስን። ሳቁ ሲበርድልኝ ጥምቀት አንድ ወር እንኳ እንዳልቀረው አሰብኩና ወደ ስልኬ ሮጥኩ።

አክስቴ ግን አልሳቀችም።

«ምነው ልጄ፣ በስተርጅና ባለጌ ልታደርጊኝ ነው? ቤቴ ያምራል፣ ወጤ ይጣፍጣል ብዬ በአደባባይ ልለፍፍ? ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰው ምንም አይልሽም እቴቴ፤ ሰው የለማ!»

«ይቅር እንግዲያው። ድንቹ ይግባ» አለችና ዘጋችብኝ።

ሁለት ቀን ሙሉ ስለማመጣት ሰነበትኩ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። በሦስተኛው ቀን ወደ መነኻሪያ ወረድኩና የደባርቅ መስመር ሾፌሮችን ጠየቅሁ። አንዱ «እዚያ ምሳ ካልበላሁ መሪው አይታዘዘኝም» አለኝ። እዚያው መነኻሪያ ያገኘኋት፣ ትክል ድንጋይ ከተማ የምታስተምር አንዲት ሴት ደግሞ ከእህቶቿ ጋር አክስቴ ዘንድ አድራ ኖሮ፣ «ብርድ ልብሱ ሦስት ነው፤ አራተኛውን ሳትጠይቂያት ራሷ አምጥታ ታለብስሻለች» አለችኝ። ሁለቱንም ጽፌ ለአክስቴ በስልክ አነበብኩላት። አፍንጫዋን ስትስብ ሰማሁ።

«እነሱ ካሉትማ ምን አደርጋለሁ» አለች በመጨረሻ። «ምርቃት ነው፤ ምርቃት አይመለስም። ብርዱን ግን እንዳትደብቂ።»

አልደበቅሁም። በዚያው ቀን ከገጹ አናት ላይ «ኮሶዬ፤ ከጎንደር አንድ ሰዓት የማይሞላ። አራት ክፍል አለን። ብርድ ነው፤ ለአንድ ሰው ሦስት ብርድ ልብስ እንሰጣለን። ይደውሉ» ብዬ ጻፍኩ። ስልክ ቁጥሩን ከተቀበረበት አውጥቼ ከሥሩ በትልቁ አኖርኩት፤ ከዚያም የሾፌሩንና የመምህሯን ቃል አስከተልኩ። ከአሥራ ሰባቱ ሥራዎች ዘጠኙ እስከ ዛሬ አልተነኩም፤ ወረቀቱ ግድግዳው ላይ ቢጫ ሆኗል።

በአክስቴ ግቢ ኔትወርክ የሚገባው አጥሩ በር አጠገብ ብቻ ነው። ስለዚህ ስልኩን በአሮጌ የእጅ ቦርሳ አድርጋ የበሩ ቋሚ ላይ ሰቀለችው፤ በጮኸ ቁጥር ጭልፋ እንደያዘች ትሮጣለች። ጽሑፉ በተቀየረ በአራተኛው ቀን እያለከለከች ደወለችልኝ።

«አንዲት ሴት ደወለችልኝ! ከደብረ ታቦር! ጤናዋን ጠየቅኋት፣ እናቷን ጠየቅኋት፣ አዝመራው እንዴት እንደሆነ ጠየቅኋት...»

«እቴቴ! መጨረሻው! መጨረሻው!»

«ሁለቱን ክፍል ወሰደች!»

እንዴት እንደሆንኩ አላውቅም። ወንበሬ ላይ ወጥቼ ነበር። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ስልኬ በጠራ ቁጥር የያዝኩትን ጥዬ አነሳው ጀመር። ከገና በኋላ ሦስተኛውን አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ከነባለቤቱ ያዘው። አንድ ክፍል ቀረ፤ አጎቴም «በከተራ ዋዜማ መጥቼ አያለሁ» ብሎ ልኮባታል።

በዚያ ቀን እኔም ወጣሁ። ከሚኒባሱ ስወርድ የግቢው በር ላይ ሁለት መኪና ቆሟል፤ ገመዱ ላይ የማላውቀው የሕፃን ልብስ ተሰጥቷል። አራተኛው ክፍል ጠዋት ነው የተያዘው። አክስቴን አቅፌ አዞርኳት፤ «ኧረ ወጡ ያርርብኛል!» እያለች ትስቃለች። አጎቴ ጋቢውን ተከናንቦ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል፤ የተዘጉትን በሮች አንድ በአንድ ያያል።

የበሩ ቦርሳ ጮኸ። አክስቴ ሮጠች። ሰላምታዋን ጀመረች፤ ከዚያ ማዳመጥ ያዘች፤ ፊቷ ተለወጠ። ወደ እኔ መጥታ ስልኩን እጄ ላይ ጣለችው።

«አንቺ ንገሪያት። እኔ አልችልም።»

ከባሕር ዳር አሮጊት እናቷንና ሁለት ልጆቿን ይዛ የተነሳች ሴት ናት። ከተማው ውስጥ አልጋ አጥታ፣ ገጹን አይታ ነው የደወለችው። ሞልቷል ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። ሁለት ወር ሙሉ የለፋሁት ያችን ቃል ለማለት ነው። አክስቴ ግን እዚያው ቆማ በቀሚሷ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች። ዕድሜዋን ሙሉ ከደጇ ሰው መልሳ አታውቅም። ስልኩን በመዳፌ ሸፈንኩት፤ ሳቅና ለቅሶ ባንድነት መጣብኝ።

«ስንት ናቸው?» አለ አጎቴ ከአግዳሚው።

«አራት።»

«እዚህ ማዶ ያለው የእኔ ቤት ምን ሆነ? ልጆቹ ሁሉ ከወጡ ወዲህ ባዶውን ነው። እኔ ዘንድ ይደሩ በያት።»

አክስቴ እንባዋን ሳትጠርግ ዞር አለችበት። «አያ፣ የድንቹ ሰውዬስ?»

«ሌላ ቤት ይፈልግ» አለ፤ ጋቢውን ሰብስቦ ተነሳ። «ሂጂና ብርድ ልብስ አውጪልኝ፤ የእኔው አንድ ብቻ ነው።»

እጄን ከስልኩ ላይ አነሳሁና ለሴትዮዋ ቦታ እንዳለ ነግሬ፣ በስንት ሰዓት እንደሚደርሱ ጠየቅኋት።