ስድስተኛው መስመር

በስደት አገር ቤታችን ከቼሪ ጎዳና ወረድ ብሎ ያለ፣ ደረጃው የሚንቀጠቀጥ አሮጌ የኪራይ ቤት ነበር። ትልቋ ልጄ አሥር ዓመት በሞላት ጊዜ ከትምህርት ቤት የቤት ሥራ ይዛ መጣች። ከእናንተ በፊት ቤታችሁ ውስጥ ማን ይኖር ነበር ይላል። ሶዶ በሚሉት የዚሁ ከተማ ሰፈር መጋዘን ውስጥ ሣጥን ስቆጥር የዋልኩ ሰው ነኝና “አከራዩን ጠይቂው” ብዬ ልገላገል ሞከርኩ። አልተገላገልኩም። ቅዳሜ ቤተ መጻሕፍት ወሰድኳት።

እዚያ የምትሠራ ሴት ከሰማንያ ዓመት በፊት የተደረገውን የሕዝብ ቆጠራ በመንገዱ ስም ፈልጋ አገኘችልን። ቆጣሪው በብዕር የሞላው ገጽ ነው። በእኛ ቤት ቁጥር ሥር ሰባት ሰዎች ተጽፈዋል፤ አናጺ አባወራ፣ ሚስቱ፣ አራት ልጆቻቸውና አንድ ተከራይ። ልጄ ገጹን አስገልብጣ ወደ ቤት እየበረረች ገባችና ለእናቴ ታስረዳት ጀመር።

“ሶ ግራንድማ፣ ይሄ ዳዱ ነው፣ ፈርስት እሱን ይጽፉታል። ከዛ ሁሉም ለሱ ምኑ እንደሆነ ይጻፋል። ዋይፍ፣ ሰን፣ ዶተር። ኦኬ?”

“እነዚህ ሰዎች አሁን የት ናቸው?” አለችኝ እናቴ።

“ሞተዋላ፣ እማዬ።”

“ሞተዋል፤ ግን አሉ” አለች፣ ጣቷን በስሞቹ ላይ እያስኬደች። ቆጠራው ሰባ ሁለት ዓመት ተቆልፎበት ከቆየ በኋላ ለማንም እንደሚከፈት ልጄ ስትነግራት ደግሞ፣ “ሰባ ሁለት?” ብላ ደግማ ጠየቀች። ማንን እያሰበች እንደሆነ አውቄአለሁ።

ታላቅ ወንድም ነበረኝ። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ከሆሳዕና ወጣ ብላ ባለችው መንደራችን ቆጣሪዎች ይመጣሉ ተባለ። ቆጠራው ለውትድርና ነው የሚል ወሬም አብሮ መጣ። እናቴ ደግሞ ዳዊት ሕዝቡን ቆጥሮ ምን መዓት እንዳመጣ ከመጽሐፍ ቅዱስ ታውቃለች። ወንድሜን እንሰቱ ውስጥ ደበቀችው። እኔን፣ “ማንም ቢጠይቅህ ወንድም የለኝም በል” ብላ አስጠናችኝ። ቆጣሪው መጣ፣ “ወንድም አለህ?” አለኝ። “የለኝም” አልኩ። ከእንሰቱ ቅጠል ጀርባ አፉን አፍኖ ሲስቅብኝ ሰማሁት።

በዓመቱ ከገበያ ታፍሶ ተወሰደ። አባታችን ሞቷል፤ እናቴ የቤቱ ምሰሶ እሱ ነው ብላ ልታስለቅቀው እጄን ይዛ ቀበሌ ሮጠች። ጸሐፊው መዝገቡን ገለጠ።

“እናቴ፣ እዚህ ወንድ ልጅ አንድ ብቻ ነው ያለዎት። እሱም ይኸው አጠገብዎ ቆሟል።”

ደብቄው ነው ብላ እግሩ ላይ ወደቀች። ሰውዬው ወደ እኔ ዞረ። “አንተ፣ እስቲ ንገረኝ፣ ወንድም አለህ?”

ማንም ቢጠይቅህ ተብያለሁ። “የለኝም” አልኩ።

ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይላሉ፤ የእኔ ግን በቅቶ ተርፏል። ወንድሜ አልተመለሰም። መርዶም አልመጣም፤ ላልተመዘገበ ሰው ማን መርዶ ይልካል? እናቴ በዚህ አንድም ቀን ወቅሳኝ አታውቅም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

እንግዲህ ልጄ የቤት ሥራዋን ባስረከበች በወሩ፣ የእኛኑ ቤት የሚቆጥረው ቅጽ በፖስታ መጣ። እሑድ ከቸርች መልስ ልሞላው ስቀመጥ እናቴ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች።

“እሱንም ጻፈው” አለች።

“እማዬ፣ እዚህ ቤት የሚኖር ሰው ብቻ ነው የሚጻፈው።”

“የት ይኖራል ታዲያ?”

ቅጹን ወደ ራሴ ሳብኩ። የዜግነት ማመልከቻዬ ገና በእንጥልጥል ነበር፤ መንግሥትን ዋሸ እንዳልባል ፈራሁ። እኔን፣ ባለቤቴን፣ ሁለቱን ልጆቼንና እናቴን ጻፍኩ። አምስት። ጨረስኩ ስል፣ “አንብብልኝ” አለች። እንግሊዝኛ አታነብም። በየመስመሩ ጣቴን እያሳረፍኩ አምስታችንን አነበብኩ። ከዚያ ጣቴን ባዶው ስድስተኛ መስመር ላይ አድርጌ የወንድሜን ስም ጠራሁ። ቀበሌ ከሄድንበት ቀን ወዲህ ስሙን በአፌ ጠርቼው አላውቅም ነበር። እናቴ “ተመስገን” አለችና ፖስታውን በእጇ አሸገችው።

ከዚያ ወዲያ መጋዘን ውስጥ ሣጥን ስቆጥር አምስት ላይ ስደርስ ይጠፋብኛል፤ እንደገና እጀምራለሁ። አለቃዬ ሁለቴ ተቆጣኝ።

እናቴ ከሦስት ዓመት በኋላ አረፈች። መጽሐፍ ቅዱሷን ሳነሳ፣ ዳዊት ሕዝቡን ከቆጠረበት ምዕራፍ ላይ ልጄ ለቤት ሥራዋ ያስገለበጠችው የቆጠራ ገጽ አራት ቦታ ታጥፎ ወጣ። በጀርባው በእስክሪብቶ መስመር አስምራለች። ስም፣ ዝምድና፣ ዕድሜ። በዚያ በመሠረተ ትምህርት በተማረችው ጎርበጥባጣ ጽሕፈት እኔን አባወራ፣ ባለቤቴን ሚስት፣ ልጆቼን ልጅ፣ ራሷን እናት ብላናለች። በስድስተኛው መስመር የወንድሜ ስም አለ። ዕድሜው የተወሰደበት አሥራ ስምንት አይደለም፤ ቅጹ በመጣበት ዓመት የሚሆነው ነው፣ አርባ ሦስት። ከገጹ አናት ላይ በትልቁ 6 ብላለች።

እኔ ቅጹ ላይ 5 ብዬ ነበር። እንግሊዝኛ ባታነብም ቁጥር የማትለይ ሴት አልነበረችም። ስዋሻት እያወቀች ነው “ተመስገን” ያለችው።

በወንድሜ መስመር ዝምድና የሚለው ቦታ ባዶ ነው። የሌሎቻችንን ሞልታ የእሱን ለእኔ ትታዋለች። እስክሪብቶ አነሳሁ። “አለኝ” አልኩ ጮክ ብዬ፤ “ወንድም” ብዬም ጻፍኩ። ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅሁ። እንደዚያን ቀን ከቅጠል ጀርባ የሳቀ የለም።