ቀይ ክዳን፣ አረንጓዴ ክዳን

ወይ ጉድ! የገዛ ሆዴን እንደዚያን ቀን ታዝቤው አላውቅም። እኔና ዘይነባ እሪ በከንቱ ሰፈር ግድግዳ ተጋርተን ሠላሳ ዓመት ኖረናል፤ ሥጋ ላይ ሲደርስ ግን እኔ የክርስቲያን፣ እሷ የሙስሊም ካልሆነ አንነካም።

የእህቴ ልጅ ሜሮን ምሳ ጠራችንና ሁለት ድስት ጥብስ አቀረበች፤ ቀይ ክዳን ያለው ለእኔ፣ አረንጓዴው ለዘይነባ።

«የኛ ሥጋ እኮ ጣዕሙ ሌላ ነው!» ብዬ ጣቴን ላስኩ።

«የኛን ብትቀምሺማ!» አለች ዘይነባ ጉንጯን ሞልታ።

ሁለተኛውን ሳህን እንደጨረስን ሜሮን ጮኸች። «ውይ! ክዳኖቹን አቀያይሬያቸዋለሁ!»

ሆዴ ወዲያው ተገለበጠ። «ለንስሐ አባቴ ምን ልበል?» እያልኩ ወደ ቧንቧው ስሮጥ ዘይነባ «አስተግፊሩላህ!» እያለች ቀደመችኝ። አንዳችን የሌላችንን ጀርባ እየደበደብን አፋችንን ስንጉመጠመጥ ሜሮን በሳቅ ፈነዳች።

«ኧረ እትዬ፣ ቀልዴን ነው! አንዱን የሶያ ጥብስ ነው ለሁለት ድስት ያካፈልኩት፤ ሥጋ የሚባል አልነካውም!»

የኔ ሆድ እዚያው ቀጥ አለ። ዘይነባ ግን አፏን በሻሿ ጫፍ ጠረግ አደረገችና፣

«ቢሆንም» አለች፣ «የኛው ይጣፍጣል።»