መሪው የጣለው ዜሮ

ዘጠነኛ ክፍል አምቦ ስማር አንድ ለአምስት የሚሉት ጣጣ ነበር። ጎበዝ የተባለ አንድ ተማሪ አምስት ሰው ይመራል፤ አምስቱ ከሱ ይገለብጣሉ፤ ይህም መረዳዳት ይባላል። የእኛ መሪ ጎበዝ የተባለው እጅ ጽሑፉ ስለሚያምርና የመምህሩን ቦርሳ ተሸክሞ ስለሚከተል ነው። ሌላ ምን እንደሚያውቅ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

የኳድራቲክ ኢኩዌሽን የቤት ሥራ ተሰጠን፤ ከዐሥር የሚያዝ። አንዱ ጥያቄ x² = 5x ይላል። ሁሉንም ወደ አንድ ጎን አምጥቶ x(x − 5) = 0 ብሎ ፋክተር ማድረግ ነው፤ መልሱ ዜሮም አምስትም ይሆናል። መሪያችን ግን ሁለቱንም ጎን ለ x አካፈለና «አምስት» ብቻ ጽፎ፣ በማስመሪያ ሁለት ጊዜ አሰመረበት።

«ዜሮስ?» አልኩት።

«ዲሲ» አለኝ በኦሮምኛ፤ «ተዪው ባክሽ። ዜሮ ባዶ ነው፤ ባዶ ደግሞ መልስ አይሆንም።»

እኔ ሁለቱንም ጻፍኩ። ከካቺሲ መጥታ ከእኔ ጋር ቤት ተከራይታ የምትማር ጓደኛዬም ከእኔ አይታ ጻፈች። መምህራችን ሲያርም የመሪውን ወረቀት ፊቱ ዘርግቶ የሌሎቻችንን ከሱ ጋር ያስተያይ ነበር። ጥያቄውን ራሱ መሥራት ሳይከብደው አይቀርም። ሁለታችንንም ስህተት አለን።

ቅሬታ ይዤ ብሄድ ወደ መሪዬ መለሰኝ። ያ ጉረኛ አርብ ከሰዓት ግምገማ ጠራ፤ ቃለ ጉባኤ ሳይቀር አስያዘ። «ቡድን በታኝ» ተባልኩ። ሂሴን ከዋጥኩ ማርኩ ይስተካከልልኛል አሉ። ማርኩን ፈልጌው ነበርና ተነሥቼ «ዜሮን በመጨመሬ ተሳስቻለሁ» አልኩ። በልቤ እየሳቅኩባቸው ነበር። ጓደኛዬ አጠገቤ ሆና ከደብተሯ ላይ ዜሮውን በላጲስ ስታጠፋ አይቻታለሁ፤ እሷም ለማስመሰል መሰለኝ።

የዓመቱ ማጠቃለያ ፈተና ከዞን መጣ። ያው ዓይነት ጥያቄ ነበረበት። እኔ ሁለቱንም መልስ ጻፍኩ። እሷ በሁለት ማርክ ወድቃ ክፍል ደገመች።

ወረቀቷን ሳይ ተናደድኩ። «ዜሮውን ለምን ተውሽው?» አልኳት።

«አንቺው ራስሽ አይደለሽ እንዴ ተነሥተሽ ስህተት ነው ያልሽው?» አለችኝ።