አያቴ ለከበሮ የሚተዉት ዝምታ

አያቴ መሰንቆ ሲጫወቱ ከእያንዳንዱ ስንኝ በኋላ ጥቂት ዝም ይሉ ነበር። ድሮ በጋይንትና በስማዳ ሠርግ ሁሉ ስሙ የተጠራ ቡድን ነበራቸው። ማን ፊት ይቁም በሚል ከከበሮ መቺው ጋር ተኳረፉና ቡድኑ ፈረሰ። አያቴ መካነ ኢየሱስ ከተማ ቀሩ፤ ከበሮ መቺው ርቀው ሄደው ወገዳ ገቡ። ከዚያ ወዲህ አልተያዩም፤ ስልክ እንኳ አልተደዋወሉም።

«ለምን ያቆማሉ?» ብዬ አንድ ቀን ጠየቅኋቸው።

«የእሱ ተራ ነዋ» አሉኝ።

አያቴ ያረፉት እሑድ ንጋት ላይ ነው። ወደ ወገዳ ገና ሰው ሳንልክ ከበሮ መቺው ደጃፋችን ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

«ማን ነገረዎት?»

«ማንም። በየቀኑ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መሰንቆው ቤቴ ድረስ ይሰማኛል፤ እኔም በተራዬ እመታለሁ። ትናንት ግን አልመጣም።»

አያቴ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ መሰንቆውን ማንሳት እንዳቃታቸው የምናውቀው እኛ ቤተሰቦቻቸው ብቻ ነበርን።

ከቀብር በኋላ እንዲያድሩ ለመንናቸው። እስከዛሬ ከአያቴ በቀር ማንም ያልተቀመጠበትን መደብ ትክ ብለው አዩና ጋቢያቸውን አጣፉ።

«ልሂድ ልጄ» አሉ። «ድንገት መሰንቆው ቢመጣ፣ ቤቴ ሰው የለም።»