የኪኑዬ ሰሌን

ኩማጋይ ያሶጂ ታታሚ የሚባለውን የጃፓን ወፍራም የወለል ምንጣፍ ሠሪ ነው። ያትሱሺሮ ከተማ ውስጥ፣ ከወንዙ ወዲህ በምንኖረው ሰዎች ቤት እሱ ተንበርክኮ ያልሠራበት ክፍል የለም። ገለባውን ይጠቀጥቃል፣ በላዩ ከቄጠማ የተሠራውን ሰሌን ይወጥራል፣ ጠርዙን ይሰፋል፣ ሲጨርስ ደግሞ የባለቤቱን የቤት አያያዝ ተችቶ ይወጣል። ምላሱ ከመርፌው አይተናነስም።

የራሱ ቤት ግን ጉድ ነበር። ሰው ሁሉ በየጥቂት ዓመቱ የሚያስቀይረውን ሰሌን እሱ ጠቁሮ እስኪበጣጠስ ድረስ አልነካውም። በመስኮቱ በኩል ያለውማ መሀሉ ጎድጉዷል። ሚስቱ ኪኑዬ ዕድሜዋን ሙሉ የታታሚ ጠርዝ ስትሰፋ የተቀመጠችበት ቦታ ነው። ከራስጌዋ ሰማያዊ ባሕርና ደሴት ያለበት አሮጌ የቀን መቁጠሪያ ሰቅላ፣ "አንድ ቀን ባሕር ማዶ ውሰደኝ" ትለው ነበር። እሱም "ይህን ሥራ ልጨርስና" ይላታል። የታታሚ ሥራ ደግሞ መቼ ያልቃል? ኪኑዬ ከኪዩሹ ደሴት ሳትወጣ ሞተች። ልጃቸው ሳዮሪ ከፉኩዎካ በደወለች ቁጥር፣ "አባዬ፣ ኧረ ሰው ምን ይላል? ያንን ሰሌን ቀይረው!" ትለዋለች። "ሰው የራሱን ወለል ይይ!" ብሎ ስልኩን ይዘጋባታል።

ሁለቱ የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን ሰባኪዎች በሱቁ በር ላይ የቆሙት በዝናቡ ወራት መግቢያ ነበር። ነጭ ሸሚዝ፣ ጥቁር ክራቫት፣ ብስክሌት። እኛ እንደሆንን ገና ከሩቅ ስናያቸው በር መዝጋት ልማዳችን ነው፤ እነሱም ተዘግቶባቸው ማመስገን ልማዳቸው ነው። አንደኛው ዊትከም የሚባል ቀጭን አሜሪካዊ ነው። ሌላው ሴሚሲ ከፓስፊኩ የቶንጋ ደሴቶች የመጣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሲሆን፣ አንገቱን ደፍቶ ሲገባ እንኳ ትከሻው ከበሩ ይጣላል። ብስክሌቱ ከሥሩ የሕፃን መጫወቻ ይመስላል።

ሴሚሲ ስለ አምላክ ከመናገር ይልቅ ዓይኑን ጨፍኖ አየሩን ይስብ ጀመር።

"ምን ሆነሃል አንተ?" አለው ያሶጂ።

"የእናቴን ቤት ይሸታል" አለ በተሰባበረ ጃፓንኛ። "እናቴም ሰሌን ትሠራለች።"

ያሶጂ የልጁ ደረት ላይ የተለጠፈውን ስም አነበበ። "ሽማግሌ ሴሚሲ" ይላል። ሞርሞኖች ለስብከት የላኩትን ጎረምሳ ሁሉ እንዲህ ነው የሚጠሩት።

"ሽማግሌ? እኔ ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው። አንተ ሽማግሌ ከሆንክማ እኔ ሬሳ ነኝ! በል ና፣ ሽማግሌው፣ እነዚህን ታታሚዎች አንሣልኝ።"

ሴሚሲ አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ ብብቱ ይዞ የሱቁ መኪና ላይ ጫነለት።

ከዚያ ወዲህ ሰኞና ሐሙስ ጠዋት እየመጡ ያግዙት ጀመር። ውላቸው አጭር ነው፤ መሸከም ይፈቀዳል፣ መስበክ አይፈቀድም። በመጀመሪያው ቀን ሻይ ቀዳላቸው። ሃይማኖታችን አይፈቅድም አሉት። "ሻይ የማይወድ አምላክ ደግሞ ምን ዓይነት ነው!" ብሎ አጉረመረመ። በሚቀጥለው ጊዜ ግን የቀዘቀዘ የገብስ ውሃ አዘጋጅቶ ጠበቃቸው፤ ስለ ነገሩም ትንፍሽ አላለም። ሁለቱ ከዓይን እንዳይጠፋፉ ሕግ አለባቸውና ሴሚሲ ወደ ጓሮ ሲሄድ ዊትከም ይከተለዋል። "ተጋብታችኋል እንዴ?" እያለ ይስቅባቸዋል።

ውሉን ሴሚሲ ያፈረሰው አንዴ ብቻ ነው። የኪኑዬን ፎቶ አየና፣ "አባባ፣ እኛ ቤተሰብ በሞት አይለያይም ብለን ነው የምናምነው። ገና ያገኟታል" አለው።

ያሶጂ መርፌውን አስቀመጠ። "መች ጠፋችብኝና! የት እንዳለች አውቃለሁ።" በአገጩ ወደ ጎድጓዳው ሰሌን አመለከተ። "እዚያ ናት። አሁን ጠርዙን ያዝ።"

ልጁ አፍሮ ጠርዙን ያዘ።

የሴሚሲ አባት መርዶ የመጣው ቄጠማው በሚታጨድበት ሰሞን ነው። ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ ጀልባው ላይ እንዳለ ልቡ ቆመ። ሐሙስ ጠዋት ዊትከም ብቻውን ገብቶ ነገረው። ሴሚሲ ውጭ ብስክሌቱን ይዞ ቆሟል።

"ታዲያ ለምን አይሄድም?" አለ ያሶጂ።

"ተፈቅዶለታል። ግን አባቱ ሲሸኘው ሁለቱን ዓመት ሳትፈጽም እንዳትመለስ ብሎት ነበር። እናቱም ይህንኑ ቃል አስታወሰችው።"

"ጅልነት ነው!" አለ ያሶጂ። ወጥቶ ግን "ያጥናህ" አለው። ትከሻው ላይ ስለማይደርስ ክንዱን መታ መታ አደረገው።

"ቅዳሜ ቀብሩን በስልክ አያለሁ" አለ ሴሚሲ። "ዘመዶቼም ያዩኛል። የበኩር ልጅ ስለሆንኩ ጸሎቱን እኔ ነኝ የማደርሰው። ግን ሰሌን የለኝም።"

በእነሱ አገር ለቅሶ ላይ ወገቡን በሰሌን ያላሰረ ሰው ራቁቱን እንደቆመ ይቆጠራል። በዚያ ላይ የአባቱ እህት አለች፤ በወንድሟ ልጆች ላይ ከእሷ በላይ ሥልጣን ያለው ሰው የለም።

"አክስቴ ፊት እንዲሁ ከምቆም ስልኩን ባልከፍተው ይሻላል" አለና ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰ።

ያሶጂ ሱቁን ዘጋ። ለማንም አልሸጥም ብሎ ያኖረውን፣ ገና አረንጓዴ የሆነውንና እንደ ሐር የሚለሰልሰውን ሰሌን አወጣ። የዚያን ግዙፍ ልጅ ወገብ ዞሮ ይተርፋል። ጠርዙን በጥቁር ጨርቅ በእጁ ሰፋው። ዓርብ ከሰዓት አስጠራቸውና ዘረጋላቸው። እንደዚያ ኮርቶ አይተነው አናውቅም።

ሴሚሲ ዳበሰው፣ አሸተተው፣ ከዚያ እጁን ሰበሰበ።

"ምነው? አልወደድከውም?"

"በጣም ያምራል አባባ። ችግሩ ማማሩ ነው።" ቃል ፈለገ። "ያማረውን የሚያስሩት እንደ አክስቴ ያሉ የሟቹ የበላዮች ናቸው። አባቱ የሞተበት ልጅ አሮጌ ነው የሚያስረው፣ የተቀደደ። ግን ግድ የለም፣ ይህን አስረዋለሁ። ደክመውበታል። አክስቴ ብትቆጣም ትቆጣ።"

"ስድሳ ዓመት ሙሉ!" ብሎ ጮኸ ያሶጂ። "ስድሳ ዓመት ሙሉ አሮጌውን ጣሉ፣ አዲሱን አንጥፉ ስል የኖርኩ ሰውዬ ነኝ! አሁን አንተ መጥተህ…"

ዓይኑ ወደ ውስጠኛው ክፍል ሄደ። ቢላውን አንሥቶ ገባ። ክር ሲበጠስ ይሰማ ነበር።

"እንርዳዎት?" አለ ዊትከም ብድግ እያለ።

"ተቀመጥ!"

ሲመለስ አቧራ ለብሶ፣ የጠቆረ፣ አንድ ወገኑ የተተረተረ፣ መሀሉ የጎደጎደ ሰሌን ታቅፎ ነበር። "አሮጌነቱ ይበቃል ይህ?"

ሴሚሲ ወዲያው አወቀው። "አባባ፣ ይህን አይሆንም! ይህ እኮ የኪኑዬ…"

"የማን እንደሆነ አንተ ልትነግረኝ ነው? ቁም። እጅህን አንሣ።"

ዙሪያውን ጠምጥሞ በገለባ ገመድ አሰረለት። ጎድጓዳው ጀርባው ላይ ገጠመ።

ቅዳሜ ማለዳ ስልኩን መስፊያው ጠረጴዛ ላይ አቆሙት። ጥቁር የለበሰና ሰሌን ያሰረ ብዙ ሰው ማያውን ሞላው። ዘመሩ። ሴሚሲ ድምፁ እየተሰበረ ጸሎቱን አደረሰ። ያሶጂ ከኋላው ተንበርክኮ ጉልበቱን ይዞ ነበር፤ የሚያየው ሰሌኑን ብቻ ነው። መጨረሻ ላይ አንዲት ወፍራም አሮጊት ወደ ስልኩ ቀረበች። ያማረ ሰሌን ያሰረች አክስቱ ናት። አንድ ነገር ጠየቀችው፤ መለሰላት። ደግማ ጠየቀችው፤ አሁንም መለሰላት። ከዚያ ሴሚሲ ስልኩን ወደ ያሶጂ አዞረው።

ያሶጂ ግንባሩ ወለሉን እስኪነካ ጎነበሰ። ሴትዮዋ ቀስ ብላ ጥቂት ቃል ተናገረች። ሴሚሲ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ።

"ምንድነው ያለችው?" አለ ያሶጂ። "በጣም ተቀዷል አለች?"

"አይ አባባ። የማን እንደሆነ ነገርኳት። 'ባለቤትህ ባሕር ተሻግራ ለወንድሜ ለቅሶ ደረሰችልኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ' ነው የምትለው።"

ያሶጂ ከጎነበሰበት አልተነሣም። ኪኑዬ በተቀበረች ዕለት እንኳ ያላለቀሰ ሰውዬ እዚያው ወለሉ ላይ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ዊትከም የሚያደርገው ጠፍቶት የገብስ ውሃ ቀዳለት።

ሰኞ ዕለት ሴሚሲ ሰሌኑን አጥፎ አመጣው። አዲሱ ሰሌን በመስኮቱ በኩል ባለው ገለባ ላይ ተዘርግቷል፤ ያሶጂ አንዱን ጠርዝ መስፋት ጀምሯል። የደሴቱ ቀን መቁጠሪያ ግን እንደተሰቀለ ነው።

"ሐዘኑ ሲያልቅ ምን ታደርጉታላችሁ?" አለ ቀና ሳይል።

"የኛ ከሆነ ቤት ይቀመጣል። ይህ ግን የእርስዎ ነው።"

"ወለሌ ሌላ ለብሷል። ዓመትህን ፈጽመህ አገርህ ስትገባ…" ክሩን በጥርሱ በጠሰ። "ይዘሃት ሂድ። እኔ እወስድሻለሁ እያልኩ ነው የቀረሁት።"